የአንዳርጌ ሰይጣን

አንዳርጌ ሠዓሊ ነኝ ሲል ሰው ይስቅበት ነበር። በ1977 ዓ.ም. ከሱዳኗ ከተማ ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ ባለው የስደተኞች ሰፈር እህል እንጂ ሥዕል የሚጠይቅ አልነበረም። እሱ ግን ጎንደር ሳለ አሥር ዓመት ሙሉ ከመምህሩ ጀርባ ቆሞ መላእክት ሲገለብጥ የኖረ ሰው ነው። መገልበጥ ብቻ! ከራሱ አንዲት መስመር ጨምሮ አያውቅም፤ ይህም ውስጥ ውስጡን ይበላው ነበር።

አንድ ቀን ገዳሪፍ ገበያ ከኦቾሎኒ ሻጯ ከዙህራ አንድ ጥቅል ገዛ። ኦቾሎኒው አለቀ፤ መጠቅለያው ግን ከእጁ አልወጣም። የልጆች የዐረብኛ መጽሔት ቅዳጅ ነው፤ ራሱ እንደ ዱባ የተነፋ፣ ዓይኑ የፈጠጠ አውሬ ከጉድጓድ ሲወጣ ተሥሎበታል። ሱዳን ያደገው ጎረቤቱ አብዱልናስር ጽሑፉን አንብቦ ሣቀበት።

"ይኼማ ስም እንኳ የለው፣ ወላሂ! በጀርባው ገጽ ገድለው ይጥሉታል።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ አንዳርጌ ቅዳጇን ኪሱ ከተታት። እንዲህ ያለ ሰይጣን በጎንደር አድባራት ሁሉ እንደሌለ እርግጠኛ ነበር።

ኅዳር ሚካኤል ሲቃረብ ቄስ ላቀው አስጠሩት። የሰፈሩ የሣር ዳስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል አልነበራትም።

"ሚካኤልን ሥራልን ልጄ፤ ሕዝቡ የሚሳለመው ነገር ይኑረው" አሉት።

የስንዴ ጆንያ ወጠረ፣ ጥላሸትና ቀይ አፈር በጠበጠ፣ ከክሊኒኩ ሐምራዊውን የቁስል መድኃኒት ለመነና ጀመረ። መልአኩን እንደተማረው ሠራው። ከእግሩ ሥር ወደሚረገጠው ሰይጣን ሲደርስ ግን ቅዳጇን አወጣ። ቀንድ የለ፣ ጅራት የለ፤ ራሱ ትልቅ፣ ሆዱ የተነፋ፣ እግሩ ስንጥር፣ ጎድኑ የሚቆጠር ፍጡር ወጣለት። ሦስት ቀን ሙሉ እያፏጨ ሠራ። በዚያ ረሃብ መካከል ደስ ብሎት የከረመ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በዋዜማው ሥዕሉ ተሰቀለ፤ ሰዉም ተሳለመ። ቄስ ላቀው "ሰይጣን ማለት እንዲህ ነው!" ብለው ሲያደንቁ አንዳርጌ ደረቱን ነፋ። ሰው ሲበተን ሸጊቱ ብቻ ቀረች። ከአርማጭሆ የመጣች፣ በጥቅምት አንድ ልጇን ደጉን የቀበረች ሴት ናት። ተንበርክካ እጇን የሰይጣኑ ሆድ ላይ አሳርፋለች።

"ወንድማለም፣ ደጉ ምን አደረገህ?" አለችው።

"የምን ደጉ? ዓይኔን ግንባር ያርገው እታለም! ከወረቀት ነው የቀዳሁት፤ ይኸው!"

ቅዳጇን ተቀብላ ብዙ አየቻት።

"የዚህ እግሩ ግንድ ነው" አለች። "ሆዱም እንደዚያ አይደለም።"

አንዳርጌ ቀና ብሎ አየ። እውነቷን ነው። ከወረቀቱ የወሰደው ራሱንና የፈጠጠውን ዓይን ነበር። የቀረውስ ከየት መጣ? ለሕፃናት ወተት ከሚታደልበት ሰልፍ ነዋ! ጠዋት ጠዋት ሕፃናቱ ጣሳቸውን ይዘው ሲጠብቁ እሱ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ አፈሩ ላይ በእንጨት መልካቸውን ይጭር ነበር። ደጉም ሰልፉ ውስጥ ነበር። ዓይኑ ያየውን እጁ ሲሠራ ልቡ የት እንዳየው አልጠየቀም። ከእፍረቱ የተነሣ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

"ይቅር በይኝ እታለም። አሁኑኑ ጥላሸት ቀብቼ አጠፋዋለሁ።"

"እንዳትነካው!" ብላ ጮኸች። "ፎቶ የለኝም። መልኩ ከዓይኔ እየጠፋ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ።"

ጣቷን የሰይጣኑ ፊት ላይ አኖረች። በአገራቸው ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ርኩስ ግን በጎኑ ስለሚሣል ያለው አንድ ዓይን ነው። ይህን የጎንደር ሕፃን ሁሉ ያውቃል።

"ሁለተኛ ዓይኑን ሥራለት" አለች። "አራት ዓመቱ ነበር፤ ኃጢአት አያውቅም።"

አንዳርጌ በጎን የነበረውን የሥዕሉን ፊት ፊት ለፊት አድርጎ ሁለተኛ ዓይኑን ሠራለት። ሲጨርስ መልአኩ ሰይፉን መዞ ሕፃን ረግጦ ቆመ። ይህን ማን ችሎ ያያል? ቢላ አምጥቶ ጆንያውን ከመልአኩ እግር ሥር ቆረጠና ሰጣት። በነጠላዋ ጠቅልላ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለችው። ብትረግመው ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ሕዝቡ ለበዓሉ ተሰበሰበ። ሚካኤል ከሥሩ ምንም ሳይኖር ሰይፉን እንደመዘዘ ቆሟል። ቄስ ላቀው ደነገጡ።

"አንተ አንዳርጌ! ሰይጣኑስ የት ሄደ?"

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው። አንዳርጌ አንገቱን ደፋ።

"እኔው ነኝ፣ አባቴ" አለ።