ሳይሞከር የተገዛው ትራክተር

ዳባት ላይ ድርቆሽ የጫነ መኪና ሲያልፍ የሣሩና የናፍታው ሽታ ወደ ልጅነቴ ይመልሰኛል።

አባቴ በሬ ሲገዛ ጠምዶ ሳይሞክር ብር አያወጣም ነበር። የድርቆሽ እስር የሚያነሳ ክንድ ያለውን አሮጌ ትራክተር ግን ጭነት ሳያስነሳ ገዛው። ሻጩ አበልጁ፣ የእኔ የክርስትና አባት ነበሩ። «ክርስትና ያነሳሁትን ልጅ ይንሳኝ፣ እንከን የለበትም» ብለው ማሉለት።

የመጀመሪያውን እስር ሲያነሳ ክንዱ እየተንቀጠቀጠ ወደ መሬት ተመለሰ። «ድሮም ባዶውን ካልሆነ አይነሳም» አለ ትራክተሩን ያመጣው ሾፌራቸው።

«ምነው ሳትሞክረው?» አለች እናቴ።

«አበልጅ ይሞከራል?» አለ አባቴ።

እሑድ የክርስትና አባቴ እንደወትሮው ቤታችን መጡ። አባቴ መደቡን ለቀቀላቸውና ወደ እኔ ዞሮ «ጉልበት ሳም» አለኝ። ሳምኩ፤ ጉልበታቸው ድርቆሽና ናፍታ ይሸት ነበር።

አሁንም መኪናው እስኪያልፍ አፌን በነጠላዬ እሸፍናለሁ። ሰው ለአቧራው ይመስለዋል።