የዘይንሁም እጅና የሽቦው በርሜል

የጋዝ ሲሊንደር ማንከባለል በካይሮ ጥግ ባለችው ሹብራ ኤል ኬማ ብርቅ ነገር አይደለም። ጋዝ አዟሪ ሁሉ ያውቅበታል። ሲሊንደሩን ዘንበል አድርጎ በታችኛው ጠርዙ ማቆም፣ ከዚያ አንገቱን በመዳፍ እየገፉ ማሽከርከር ነው፤ በቃ። እንደ ዘይንሁም የሚያደርገው ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም። በቀኝ እጁ አንድ፣ በግራው አንድ፣ ሁለቱን ባንድ ጊዜ እያሽከረከረ፣ ፊቱን ወደ ኋላ መልሶ ስለ ኳስ እየተሟገተ፣ በሚሠራበት ፋብሪካ ከብየዳው ክፍል እስከ ቀለም ክፍል ይሄዳል። አንዱ ካንዱ ሲጋጭ ሰምቶ የሚያውቅ የለም።

ሙያውን የተማረው ከወታደር ቤት ሲመለስ፣ በቤጋም ሠፈር ከአባቱ የአህያ ጋሪ ኋላ እየሄደ ነው። አባት ሲሊንደሩን በመፍቻ ቀጭ ቀጭ እያደረገ ሠፈሩን ይቀሰቅሳል፤ ልጅ ሙሉውን ተሸክሞ አምስተኛ ፎቅ ይወጣል፣ ባዶውን ይዞ ይወርዳል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሲሆነው ሲሊንደሩን ራሱን የሚሠራው ፋብሪካ በጫኝና አውራጅነት ቀጠረው። ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት ሞላው። በዕድሜ የሚበልጡት ሳይቀሩ «ዓም ዘይንሁም» እያሉ እንደ አጎታቸው ይጠሩታል። ልጁን ሲድር ሌላው ሰው በዱላ ሲጨፍር እሱ ባዶ ሲሊንደር አስመጥቶ በወገቡ ዙሪያ እያሽከረከረ ጨፈረ። ሙሽራዋ በሀፍረት ፊቷን ሸፈነች፣ እንግዳው ግን ጉሮሮው እስኪነቃ ጮኸለት። ጉረኛ ነበር? አዎ፣ ነበር። እንዲህ ዓይነት እጅ የተሰጠው ሰው ትንሽ ቢጎርር ማን ይቀየመዋል!

ከሁለት ዓመት በፊት ፋብሪካው አዲስ የብየዳ ማሽን አስገባ። ድሮ የብየዳ ሽቦ የሚመጣው አሥራ አምስት ኪሎ በሆነ ጥቅል ነበር፤ ማንም በአንድ እጁ አንስቶ ይሰካዋል። አዲሱ ማሽን ግን ሆዳም ነው። ለእሱ የሚመጣው ሽቦ እስከ ሰው ወገብ በሚደርስ ክብ የካርቶን በርሜል ውስጥ ነው፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ይመዝናል። ውስጡ መዳብ የተቀባ ቀጭን ሽቦ ዙር በዙር ላይ ተደራርቦ ተኝቷል። በርሜሉ አይዞርም፤ ዝም ብሎ ይቆማል። ሽቦው ነው ከላይ አንድ አንድ ዙር እየተነሳ፣ በክዳኑ ቀዳዳ ወጥቶ በረጅም ቱቦ ወደ ማሽኑ የሚጓዘው። ዙሮቹ ያለ ተራቸው እንዳይዘሉ ክብ የፕላስቲክ መጫኛ ከላያቸው ይቀመጣል፤ ሽቦው ባለቀ ቁጥር እሱም ቀስ እያለ ዝቅ ይላል።

የመጀመሪያው በርሜል የመጣ ዕለት የዕቃ ማንሻው መኪና፣ የፎርክሊፍቱ፣ ጎማ ፈንድቶ ነበር። ሰው ሁሉ በርሜሉን ከቦ ራሱን ሲያክ፣ ዘይንሁም ምራቁን እንትፍ ብሎ መዳፉን አሻሸ፤ በርሜሉን በጠርዙ ዘንበል አደረገውና እያሽከረከረ፣ ሁለት ምሰሶ ዞሮ፣ አርባ እርምጃ ሄዶ ማሽኑ አጠገብ ልክ ቦታው ላይ አቆመው። የክፍሉ ኃላፊ ኢንጂነር ዋጊህ ሳይቀር አጨበጨበ።

«ዓም ዘይንሁም፣ ፎርክሊፍቱን ሸጠን ለእርስዎ ነዳጅ እንሙላልዎት እንዴ?» አለው።

«ለእኔ ፉልና ሽንኩርት ይበቃኛል፣ ኢንጂነር» አለ ዘይንሁም ደረቱን ነፍቶ። ከዚያ ቀን ወዲህ የበርሜሉ ነገር የእሱ ሆነ፤ ፎርክሊፍቱ ጎማው ከተቀየረ በኋላም።

ማሽኑን የያዘችው ነግላ ናት። አባቷ እዚያው ፋብሪካ በያጅ ሆኖ ኖሮ ሞተ፤ እሷ በሱ ቦታ ገብታ ከታች ጀምራ ወጣች። ሙያ ላለው ሰው ብቻ የሚሰጠውን «ኡስታ» የሚለውን መጠሪያ ከሴቶች መጀመሪያ ያገኘችው እሷ ናት፤ ማንም በነፃ አልሰጣትም።

ችግሩ ገና በመጀመሪያው ወር ብቅ አለ። ሽቦው ደህና ሲሄድ ይቆይና ድንገት ሁለትና ሦስት ዙር ተያይዞ ይነሳል፣ ክዳኑ ሥር ይቋጠራል፣ ማሽኑ ይቆማል። እሳቱ ሲጠፋ በሲሊንደሩ ወገብ ላይ መርፌ የምታህል ቀዳዳ ትቀራለች። ሲሊንደሩ አየር ተሞልቶ ውኃ ገንዳ ውስጥ ሲገባ ያቺ ቀዳዳ ቡልቅ ቡልቅ ትላለች። ያ ሲሊንደር የሰው ወጥ ቤት ሊገባ ነው እኮ! ስለዚህ ይጣላል። በሳምንት አሥር፣ አሥራ አምስት ተጣለ። ነግላ ቱቦውን ቀየረች፣ ማሽኑን ፈታትታ ገጠመች፣ ምንም። አንዱ የሽቦው ጥራት ነው አለ፣ ሌላው ቡዳ ነው አለ። ለማሽኑ ሰማያዊ ዶቃ ያሰረለትም ነበር።

ዘንድሮ በመጋቢት የዘይንሁም ወገብ ተያዘና አንድ ሳምንት ቤቱ ተኛ። ፎርክሊፍት ነጂው ደሱቂ በርሜሎቹን አመላለሰ። በዚያ ሳምንት ማሽኑ አንዴም አልቆመም። ኢንጂነር ዋጊህ ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም፤ ነግላን ተቆጥቷት ስለነበር ደንግጣ ነው የተጠነቀቀችው አለ። ዘይንሁም ተመለሰ፣ በርሜሉን አሽከርክሮ አቆመ፤ በማግስቱ ሽቦው ሁለት ጊዜ ተቋጠረ።

ኢንጂነር ዋጊህ ነግላ ፊት መጥቶ ቆመ። «ስትፈልጊ ይሄዳል፣ ሳትፈልጊ ይቆማል ማለት ነው። ነገ ሐሙስ የመጨረሻሽ ነው። ከቅዳሜ ጀምሮ ቀለም ክፍል ትገቢያለሽ።»

ነግላ አላለቀሰችም። ክዳኑን ከፍታ ቋጠሮውን መቁረጥ ጀመረች። ዘይንሁም ሊያጽናናት ጠጋ አለ።

«ዓም ዘይንሁም፣ እጄ አልሳተም» አለችው ቀና ሳትል። «ሌላው ይቅር፣ እርስዎ እንኳ ይመኑኝ።»

«አምንሻለሁ፣ ልጄ» አለና ዓይኑ ወደ በርሜሉ ውስጥ ገባ። ዙሮቹ አንድ ጎን ተጠጋግተው ተቆልለዋል፣ በሌላው ጎን ላልተዋል። የፕላስቲኩ መጫኛ እንደ ሰካራም ቆብ ተንጋዷል። እሱ ያልነበረበት ሳምንት ትዝ አለው። ቶሎ ብሎ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሲደርስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ጣሪያ ላይ ወጣ። ሚስቱ ኡም ረመዳን ልብስ ታሰጣለች። ትርፍ የልብስ ገመዷን አንስቶ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ዙር በዙር እያደረገ አስተኛው። መጀመሪያ ባልዲውን ሳይነካ ጫፉን ይዞ ሳበ፤ ገመዱ እስከ መጨረሻው እየፈሰሰ ወጣ። እንደገና አስተኛውና አሁን ባልዲውን በጠርዙ ዘንበል አድርጎ፣ በዚያ በሚኮራበት እጁ፣ ከእርግቦቹ ቤት እስከ ውኃ ጋኑ አሽከረከረው። ጫፉን ሳበ። ሦስት ዙር ተቆላልፎ ወጣና ባልዲው ራሱ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«አቡ ረመዳን፣ ዓሣ ያዘልህ?» አለችው ሚስቱ በልጃቸው ስም ጠርታ፣ የልብስ መቆንጠጫ በአፏ እንደያዘች። «ስልሳ ሊሞላህ ነው እኮ፣ በባልዲ ትጫወታለህ?»

ሦስት ጊዜ ደገመው፤ ሦስቱንም ጊዜ ተቋጠረ። ከዚያ እዚያው ጣሪያው ላይ ቁጭ አለ።

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አላት። በርሜሉን፣ ቋጠሮውን፣ የነግላን ነገር ነገራት።

ኡም ረመዳን መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣች። «ይህን ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«እኔና አንቺ።»

«ታዲያ ዝም በላ! ጡረታህ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ሃያ ስድስት ዓመት ያጨበጨበልህ ሰው ነገ ሊስቅብህ?»

«ልጅቷስ?»

ኡም ረመዳን የያዘችውን እርጥብ ቀሚስ አራግፋ፣ ቀስ ብላ ሰቀለችና፣ «እንግዲያው ነገ ምሳህን አብዝቼ እቋጥርልሃለሁ» አለችው። «ካባረሩህ ተርበህ እንዳትመጣብኝ።»

ሐሙስ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ዘይንሁም ኢንጂነሩ ፊት ቆመ። «ሽቦውን የሚያምሰው የኔ እጅ ነው። ሳሽከረክረው ውስጡ ይናጣል፣ ዙሩ ቦታውን ይለቃል። ነግላ የለችበትም።»

«ፀሐይ መታህ እንዴ?» አለ ደሱቂ እየሳቀ።

ኢንጂነር ዋጊህ ግን አልሳቀም። «ዓም ዘይንሁም፣ ልጅቷን ለማዳን ብለው ነው። ደግ ሰው ነዎት፣ ግን ይተዉት።»

«ደግነት አይደለም! ሁለት በርሜል ስጡኝ። አንዱን አሽከረክራለሁ። ሌላውን ደሱቂ ቀጥ አድርጎ ያምጣው። ከዚያ ሽቦው ይመስክር።»

ኢንጂነሩ ሰዓቱን አየና እሺ አለ። ዘይንሁም መዳፉን አሻሸ። የመጨረሻው መሆኑን ያወቀው እሱ ብቻ ነበር፣ ስለዚህ አልሰሰተም። ሁለት መቶ ሃምሳውን ኪሎ በጠርዙ አቁሞ፣ ምሰሶውን በአንድ እጁ ዞሮ፣ መሀል ላይ ለቆት እንደገና ያዘው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እንደዚያ ቀን አሳምሮ አሽከርክሮ አያውቅም ይላሉ ያዩት።

ነግላ ሽቦውን አስገባች። ማሽኑ ጀመረ። አንድ ሰዓት ደህና ሄደ። እውነቱን ለመናገር የዘይንሁም ግማሽ ልቡ እንዳይቋጠር ይጸልይ ነበር፤ ባይቋጠር እጁ ንጹሕ ነው፣ ያ ሁሉ ጭብጨባም የራሱ ይሆናል። ግማሽ ልቡ ደግሞ ነግላን እያየ ተቋጠር ይለዋል። ክዳኑ ሥር ሽ… ሽ… ይል የነበረው ሽቦ ድንገት ጠቅ አለ። ማሽኑ ቆመ። ኢንጂነሩ ራሱ ክዳኑን አነሳ፤ መጫኛው ተንጋዷል፣ ሦስት ዙር ተናንቋል። ሲሊንደሩ ገንዳ ገባና ቡልቅ ቡልቅ አለ።

አንድም ሰው አልሳቀም። «ይኸው» አለ ዘይንሁም። «ሥራዬ ነው።»

«ሁለተኛው እስከ ታች ከሄደ ነግላ ከቦታዋ አትነቃነቅም» አለ ኢንጂነር ዋጊህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንዴ ከተቋጠረ ግን የእጅ ነገር አይደለም ማለት ነው።»

በርሜሉን ደሱቂ በፎርክሊፍት ሲያመጣ ዘይንሁም ከጎኑ እየሮጠ ነበር። «ቀስ! ቀስ በል አልኩህ! ሾርባ የሞላ ድስት ነው የያዝከው!» ካስቀመጡት በኋላም አልተለየውም። የእንጨት ሳጥን አምጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። አንዱ የሻይ ብርጭቆውን ክዳኑ ላይ ቢያስቀምጥ ጮኾበት ሻዩን አስደፋው። አንዱ ሊደገፈው ቢሞክር፣ «እናትህ ናት እንዴ የምትደገፋት?» አለው። ዓርብ ፋብሪካው ዝግ ነው፤ ቅዳሜ ሽቦው ሄደ። እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ ሄደ። ዘይንሁም ዓይኑን ጨፍኖ በጆሮው ብቻ እያንዳንዱ ዙር ሲነሳ መለየት ጀመረ፤ አንዴ ድምፁ ሸካራ ሲሆንበት ለነግላ ጮኸላት፣ እሷም ቱቦው ጎብጦ አገኘችውና አቃናችው።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ማሽኑ ቆመ። ሰው ሁሉ ካለበት ተሯሯጠ። ደሱቂ፣ «አለቀላት!» አለ።

ነግላ መከላከያ ጭምብሏን ወደ ላይ ገፍታ የሽቦውን ጅራት በሁለት ጣቷ ያዘች። «አልተቋጠረም» አለች። «ዓም ዘይንሁም… ሽቦው አልቆ ነው።»

ዘይንሁም ክዳኑን አንስቶ ጭንቅላቱን በርሜሉ ውስጥ አስገባ። መጫኛው ከታች ካርቶኑ ላይ ልጥፍ ብሎ ተኝቷል። አንድ ዙር የለም፤ አንዲት ስንጣሪ የለችም። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ሳቁ ከበርሜሉ ውስጥ ሲያስተጋባ የቀለም ክፍል ሰዎች ሳይቀሩ ሰምተው መጡ፣ ኢንጂነር ዋጊህም መጣ።

«ምን አገኙ ውስጡ?» አለው ኢንጂነሩ።

«ምንም!» አለ ዘይንሁም፣ ቀና ብሎ ቦታ እየለቀቀለት። «ይምጡ፣ ይዩት! ደሱቂ፣ አንተም ና! ሁለት ዓመት የሞላውን ሳንከባልል ስታዩኝ ኖራችኋል። አሁን ባዶውን እዩልኝ።»

ሰልፍ ይዘው በየተራ አጎንብሰው አዩለት።