መጀመሪያ ኦፕሬተሯ ትወጣለች

ሥራ የገባሁ ቀን ፎርማናችን አቶ ጥላሁን ማብሪያ ማጥፊያውን አላሳዩኝም። የትልቁን ሽክርክሪት ቀይ ወንበር ከፍተው «ተቀመጪ» አሉኝ።

አዳማ ውስጥ ባለ የልጆች መጫወቻ ፓርክ በረዳትነት ተቀጥሬ ነበር። ትኬት የምቆርጥ መስሎኝ የእሑድ ጫማዬን አድርጌ ነው የሄድኩት። ልጄ ሜሮን ገና ጡት አልተወችም፤ ለጎረቤት ትቻት መጥቻለሁ።

«ጋሼ፣ እኔ ከፍታ እፈራለሁ» አልኳቸው።

«ጥሩ ነው። የማይፈራ ሰው እዚህ አይበጀኝም።»

የመቆለፊያውን ብረት ጭኔ ላይ አወረዱና ሳብ ሳብ አድርገው አዩት። ሽክርክሪቱ ሲነሣ ዐይኔን ጨፈንኩ። ማርያምን ጠራሁ፤ ገብርኤልን፣ ሚካኤልን፣ ጊዮርጊስን፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ጠራሁ። ጫፍ ላይ ስደርስ አቆሙት። ዐይኔን ስገልጥ ከተማው ከእግሬ በታች ነበር፤ የቆርቆሮው ጣሪያ፣ የጋሪው ሰልፍ፣ ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ። ለካ ከተማችን ቆንጆ ናት።

ስወርድ አቶ ጥላሁን በሩን ከፈቱልኝ። «ቅዱሳኑን ሁሉ ዛሬ ጠርተሽ ጨረስሻቸው፤ ለነገ አላስተረፍሽም።»

«ነገም እወጣለሁ እንዴ?»

«ነገም፣ ከነገ ወዲያም። እዚህ ቤት ሌላ ሰው ከመቀመጡ በፊት መጀመሪያ ኦፕሬተሩ ይወጣል።»

ከዚያ በኋላ ሥራውን አንድ በአንድ አስተማሩኝ። ጠዋት ብሎኑን ሁሉ በእጃችን እየነካን እንዞራለን። ፍሬኑን እንፈትሻለን። ትልቁ ዘንግ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ግሪስ እናጠጣለን። ከዚያ አማትቤ ቀዩ ወንበር ላይ እወጣና አንድ ሙሉ ዙር እዞራለሁ፤ ያኔ ማንም አያወራም። ሰው ስንጭን አንዱን ወንበር ሞልተን ትይዩውን ባዶ አንተውም። ስናወርድም እንደዚያው ነው። አንድ ጎን ከከበደ ሽክርክሪቱ ለሞተሩ አይታዘዝም።

«በዐይንሽ አትመኚ፣ በመቀመጫሽ ስሚ» ይሉኝ ነበር አቶ ጥላሁን። መጀመሪያ የተናገሩት ቀን ሴት ልጅ ፊት መሆናቸው ትዝ ብሏቸው ይቅርታ ጠየቁኝ። ነገሩ ግን እውነት ነው። የላላ ብሎን ከታች ለቆመ ሰው አይነግርም፤ ለተቀመጠ ነው የሚነግረው።

አዳማን ነፋስ አይለያትም። በኋላ ኮረብታው ላይ የነፋስ ማመንጫዎቹ ሲተከሉ እኛ ፓርኩ ውስጥ ያለነው አልገረመንም። አጥሩ ላይ የነጠላ ጥለት አስሬያለሁ፤ ጥለቱ ተዘርግቶ ሲቀር ሽክርክሪቱን አቆማለሁ። አንድ ቀን ሙሽሮች ይዞ የመጣ ፎቶ አንሺ ተቆጣኝ።

«እትዬ፣ ነፋሱ እኮ ቬሎውን ያሳምረዋል!»

«መሬት ላይም ያሳምረዋል» አልኩት።

ከረዳትነት ኦፕሬተር፣ ከኦፕሬተርነት ተቆጣጣሪ ሆንኩ። አቶ ጥላሁን ጡረታ ሲወጡ ጥለውልኝ የሄዱት ያችን አንዲት ደንብ ነው። በዚህ ሥራ ልጄን አሳድጌ አስመርቄያለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን።

መጫወቻ ቦታ የሚኖረው በሚመላለስ ሰው ነው። ከአቦምሳ ምርት ሲገባ ቤተሰቡን በፒክአፕ ጭኖ የሚመጣ ገበሬ አለ። ለዒድ የሚመጡ አሉ፣ ለገና የሚመጡ አሉ። ሁሉም የየራሱ ወንበር አለው፤ ሌላው ላይ ተቀመጥ ብትሉት ይቀየማል።

ከሁሉም ቶሎሳና ጫልቱን እወዳቸዋለሁ። ቶሎሳ ዱከም ፋብሪካ ውስጥ የቶርኖ ሠራተኛ ነው፤ ብረት ይቀርጻል። ጫልቱ የቡልቡላ ልጅ ናት። መጀመሪያ የመጡት በሠርጋቸው ቀን ለፎቶ ነው። ሙሽራዋ ሽክርክሪቱን አየችና «እወጣለሁ» አለች። ሙሽራው ቀና ብሎ አየውና ከረባቱን ማስተካከል ጀመረ።

«ቶሌ፣ ዛሬ ካልወጣህ ቤቱን የምትመራው እሷ ናት!» አሉት ሚዜዎቹ።

«ትምራ፣ ምን ችግር አለው» አለ።

ሳቁ ሳይበርድ እጁን ይዛ ወደ ቀዩ ወንበር ወሰደችው። ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ጫልቱ ግን «እትዬ፣ በየዓመቱ በፋሲካ ማግስት እንመጣለን» አለችኝ፤ ቃሏንም ጠበቀች። ልጆች ሲወለዱ ቀዩ ወንበር ጠበበና ቶሎሳ ደስ ብሎት ከታች ቀረ።

ያለፈው ጥምቀት ነው ነገሩ የመጣው። በቃና ዘገሊላ ከተማው ሚካኤልን ሸኝቶ ከሰዓት በኋላ ወደ እኛ ይጎርፋል። በዓመት ውስጥ እንደዚያ ያለ ቀን የለንም። ጠዋት እንደ ልማዴ ወጣሁ። ጫፉ ላይ ስደርስ ከዘንጉ በኩል ድምፅ ሰማሁ፤ አሸዋ በጥርስ ሲታኘክ እንደማለት ነው። አወረዱኝ። እንደገና ወጣሁ። ድምፁ አሁንም አለ።

መካኒካችን ጀማል የአዳማ ልጅ ነው፤ እጁ ፈጣን፣ አፉም ፈጣን። ያን ቀን ግን ወጥቶ ወርዶ ቀስ ብሎ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ «እትዬ ጽጌ፣ ኩሽኔታው ሄዷል። ዝጊው» አለኝ። «ተዘግቷል» የሚለውን ሰሌዳ ሰቀልኩ።

የፓርኩ ባለቤት ጋሽ መንገሻ እየሮጡ መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ብዙ ሠራተኛ የሚያስተዳድሩ ሰው ናቸው፣ በሩ ላይ ደግሞ ሰው ተሰልፏል።

«ዛሬ? ዛሬ ቀን አጥተሽ?»

«እኔ አልመረጥኩትም፣ ጋሽ መንገሻ።»

«ለዛሬ ብቻ ቀስ እያለ ይዙርና ነገ ይሠራ።»

«እሺ። እርስዎ ቀዩ ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ እኔ ቀስ አድርጌ አዞርዎታለሁ።»

ወንበሩን አዩት። እኔን አዩኝ። አልተቀመጡም። ሰሌዳውም ሳይነሣ ዋለ።

በሳምንቱ ቢሮ አስጠሩኝ። ጀማል አዳማን አስሶ መርካቶ ድረስ ሄዶ ነበር፤ የዚያ ልክ ኩሽኔታ መሠራት ካቆመ ቆይቷል።

«ጽጌ፣ የቆመ ሽክርክሪት ለእኔ ብረት ነው» አሉኝ። «እስከ ፋሲካ ካልዞረ ቆራርጬ ለቁራሌ እሸጠዋለሁ። ያንቺንም ሥራ ያኔ እናያለን።»

ምን እንደሚታይ ገባኝ። ሽክርክሪት ከሌለ የሽክርክሪት ተቆጣጣሪ የለም። ከቢሮ ወጥቼ እመቤቴን ለመንኳት፤ ከዞረ ዣንጥላ ላስገባላት ተሳልኩ። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ሣቅ አሉ።

«ልጄ፣ ለማሽን ስለት?»

«ለማሽኑ አይደለም አባ። እላዩ ላይ ለሚሥቁት ነው።»

«እንግዲያስ አልከለክልሽም።»

በዚያው ሰሞን ሜሮን ደወለች። «እማ፣ ቴሌግራም ላይ ሰው ወድቆ ነው የተዘጋው ይላል። እውነት ነው?»

«ማንም አልወደቀም። እንዳይወድቅ ነው የተዘጋው።»

ልጄ ያልኳትን እንዳለ ጻፈችው፤ ከተሰቀለው ሰሌዳ ፎቶ ጋር። እዚያው ወሬ በተሠራጨበት ቦታ ተሠራጨ። ብዙ ሰው ደወለልኝ። ከአቦምሳ ገበሬው ደውሎ «ወንበሬን እንዳይሸጡብኝ» አለ። ከዚያ ጫልቱ ደወለች።

«እትዬ፣ አካም? ምን ሆነብን?»

የሆነውን ነገርኳት። «ቆይ፣ ለብረት ሰውዬው ልስጥሽ» አለችና ስልኩን ለባሏ ሰጠችው።

«እትዬ» አለ ቶሎሳ፣ «እሑድ እመጣለሁ። ጀማል ዘንጉን አጥቦ ይጠብቀኝ።»

በዚህ ዓመት ዐቢይ ጾማችንና ረመዳን አብረው ነበር የገቡት። ቶሎሳ የብረት መለኪያውን፣ ካሊፐሩን ይዞ ሲመጣ እኔም ጀማልም ጾመኞች ነን። እሱ ጴንጤ ነው፤ ጫልቱ ሳንቡሳ ቋጥራለታለች።

«ሁለታችሁ እያያችሁኝ እንዴት ልብላ?» አለ።

«ብላ ብላ» አለው ጀማል፤ «እኛ ለነፍሳችን፣ አንተ ለክንድህ።»

ለካ። ጻፈ። እንደገና ለካ። ከዚያ ነገሩን አስረዳን። አዲስ የከባድ መኪና ኩሽኔታ ከዘንጉ ጋር ልክ ይገጥማል፤ የሚቀመጥበት ቤት ግን ይሰፋበታል። በመሃል ያለውን ክፍተት የሚሞላ የብረት ቀለበት ያስፈልጋል። ቀለበቱን እሱ ይቀርጻል። ሥዕሉን የፋብሪካቸው ኢንጂነር አይተው የብረቱን ዓይነት ቀየሩለት፤ «ይህ ሰው የሚሸከም ነገር ነው» ብለው ደግ ደጉን መረጡለት። ከሥራ ሰዓቱ ውጪ እንዲሠራው አለቃው ፈቀዱ።

ቀለበቱ ሳይደርስ ዒድ ደረሰ። ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰው መጡ፣ ሰሌዳውን አይተው ወደ ባቡሩና ወደ ፈረሶቹ ሄዱ። ጀማልም ትንሿን ልጁን ይዞ መጣ። አጥሩ ሥር ቆማ ሽክርክሪቱን አየችው።

«አባ፣ ታሟል?»

«ታሟል። መድኃኒቱ ዱከም እየተሠራለት ነው» አላት።

እኔ ዞር አልኩ። ያን ዕለት የሜሮንን ልጅነት አስታወሰችኝ።

ሆሣዕና ሰሞን ቶሎሳ ከዱከም በሚኒባስ መጣ። ቀለበቱን እንደ ሕፃን በጋቢ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ይዞታል። የሚኒባሱ ረዳት «ልጁ ይታፈናል፣ ግለጥለት» ብሎት እንደነበር እየሣቀ ነገረን። ጀማልና እሱ ሲገጥሙት እኔ መብራት ያዝኩ። ቀለበቱ ቤቱ ውስጥ ሲገባ ፍጭትም ግፊትም አልነበረም፤ ልክክ ብሎ ተቀመጠ። ጀማል እጁን ዘርግቶ «ገለቶሚ፣ ኦቦ ቶሎሳ!» አለና አቀፈው።

በየወንበሩ የአሸዋ ጆንያ ጭነን አዞርነው። ከከተማው የመጡት የቴክኒክ ተቆጣጣሪ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት አብረውን ዋሉ፤ አስቆሙ፣ አስነሡ፣ ፍሬኑን ደጋግመው አስያዙ፣ በመጨረሻ ፈረሙ። ዓርብን በስግደት ዋልኩ። እየሰገድኩም የማስበው ሽክርክሪቱን ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

የትንሣኤ ማግስት፣ ማዕዶት የምንለው ሰኞ፣ ገና በጠዋት በሩ ላይ ሰው ሞላ። የአቦምሳው ፒክአፕ አለ። ጫልቱ ከነልጆቿ አለች። ጀማል ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ መቆጣጠሪያው ጋ ቆሞ ነበር፤ ልጅቱን ለሚስቱ ሰጠና ዐየኝ። አማትቤ ቀዩን ወንበር ከፈትኩ።

ጋሽ መንገሻ ከሕዝቡ መሃል ወጡ። ካፖርታቸውን አስተካከሉ።

«ጽጌ፣ በጥምቀት ያልሽኝን አልረሳሁም» አሉ። «ቦታ አለ?»

«አለ፣ ጋሽ መንገሻ። ይምጡ።»

አጠገቤ ተቀመጡ። ጋሽ መንገሻ ደልደል ያሉ ሰው ናቸው፤ ወንበሩ ወደ እሳቸው አዘነበለ። ጀማል ከመቆጣጠሪያው ጮኸ፦

«ሚዛን የለውም! ትይዩው ይሞላልኝ! ቶሎሳ፣ ና ውጣ!»

«እኔ? እኔ ቀለበቱን ሠርቻለሁ፣ ይበቃል!»

«የሠራ ነው የሚወጣው» አልኩት። «የቤቱ ደንብ ነው።»

ጫልቱ እንደ ሠርጋቸው ቀን እጁን ይዛ ትይዩው ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ሕዝቡ አጨበጨበ። የራሱ ልጆች «አባዬ ፈራ! አባዬ ፈራ!» እያሉ ከሁሉም በላይ ጮኹ።

ሽክርክሪቱ ተነሣ። እኔ ጆሮዬን ብቻ ሳይሆን መላ አካሌን ሰጥቼ አዳመጥኩ። አሸዋ የለም። ፍጭት የለም። ብረቱ ዘይት ላይ እንዳለ ይዞራል። አጠገቤ ግን ሌላ ድምፅ ነበር፤ ጋሽ መንገሻ ዐይናቸውን ጨፍነው ማርያምን ይጠራሉ፣ ገብርኤልን፣ ሚካኤልን፣ ጊዮርጊስን።

ጫፍ ላይ ጀማል አቆመው። «ይግለጡ» አልኳቸው። ገለጡ። ከታች የፓርኩ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያየናል፤ ኮረብታው ላይ የነፋስ ማመንጫዎቹ ይዞራሉ። ጋሽ መንገሻ ይህን ሽክርክሪት ከገዙ ጀምሮ ከላይ አይተውት አያውቁም።

«ይህንን ነው ቆርጬ ልሸጠው የነበረው?» አሉ።

ስንወርድ በሩን ከፈትኩላቸውና «ቅዱሳኑን ሁሉ ዛሬ ጨረሷቸው፤ ለነገ አላስተረፉም» አልኳቸው።

«ነገም ልወጣ ነው እንዴ?»

«ነገ እኔ አለሁ።»

ሰሌዳውን ራሳቸው አነሡት። የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ የጀማል ልጅ ሆነች። ከላይ ሆና «አባ፣ ድኗል!» ስትል በሩ ድረስ ተሰማ።

ዣንጥላውን ለማርያም አስገብቻለሁ። ቀዩን ነው የመረጥኩት። አቶ ጥላሁንንም ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው፤ ጠዋት ማን እንደወጣ ብቻ ነው የጠየቁኝ። አምላኬን፣ ልጄን፣ ጀማልን፣ ቶሎሳና ጫልቱን አመሰግናለሁ።

ለእናንተ አሁን ሥራ ለምትጀምሩት የምለው ይህ ነው። ሌላውን ሰው ከምታስቀምጡበት ነገር ላይ መጀመሪያ ራሳችሁ ተቀመጡ። ድምፁ ካላማራችሁ ዝጉት፣ በዓልም ቢሆን።