የግማሽ ቀን ወንፈል

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ገበያ በርበሬ ልገዛ ወጥቼ ራሴን አዋረድሁ። ባለሙያ መምሰል አማረኝና አንዱን ዛላ ሰበርሁ፤ ፍሬውን በጣቴ አሸሁ፤ አሽትቼም "ይህማ የቡሬ ነው" ብዬ ፈረድሁ። ፀሐይዋ ከርራ ነበርና በዚያው ጣት የግንባሬን ላብ፣ ቀጥሎም ዓይኔን ጠረግሁ። ይህን ያህል ዘመን በርበሬ የበላ ሰው!

"ምነው አባባ፣ አለቀሱ? ዋጋውን ገና መቼ ነገርሁዎትና!" አለች ሻጯ።

በዙሪያችን ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን እያነባሁ በሐሳቤ ሽንዲ ደርሻለሁ፤ እነአዛለች ማሳ ውስጥ ቆሜያለሁ።

ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ መኳንንትና አዛለች። ቤተሰቦቻችን ሽንዲ አካባቢ አራሾች ነበሩ። እኛ ቡሬ ከተማ እንማራለን፤ እኔና መኳንንት አንድ ክፍል ተከራይተን፣ እሷ ከጎናችን አክስቷ ዘንድ። ዓርብ ወደ አገር ቤት እንወርዳለን፤ እሑድ ስንቃችንን ተሸክመን እንመለሳለን። የሦስታችንም የዳጉሳ ድርቆሽ ባንድ ሳህን ይፈተፈታል። አዛለች ከላዩ ቅቤ ታደርግበታለች። ለሦስታችንም ነበር፤ እኔ ግን ለእኔ ያደረገችው ይመስለኝ ነበር። ሞኝ ልብ ካንድ ማንኪያ ቅቤ ሠርግ ይደግሳል።

ኅዳር ላይ በርበሬው ሲቀላ ወንፈል እንገባ ነበር፤ ዛሬ ሁላችንም ያንዱን ማሳ እንለቅማለን፣ ነገ የሌላውን። ቀን የሚመለሰው በቀን ነው፤ በብርም በእህልም አይለወጥም። አንድ ዓመት "ሦስታችንንም ወባ ይዞናል" ብለን ወደ ትምህርት ቤት ላክንና ለቀማ ገባን። ሰኞ የእኛን ለቀሙልን። ማክሰኞ የአዛለች ተራ ነበር። እኔም "ይህ ጆንያ ሳይሞላ እነግራታለሁ" ብዬ ማልሁ።

ጆንያው ሊሞላ አንድ ስንዝር ሲቀረው መኳንንት ሌላውን ጆንያ ተሸክሞ ወደ ቤት ሄደ። ስንት ቀን ያሰማመርሁት ንግግር ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣ አለኝ።

"አዛለች፣ እኔ እወድሻለሁ።"

"እኔስ መቼ ጠላሁህ?" አለች፣ እጇ ከዛላው ሳይነሣ።

"እንደሱ አይደለም።"

ቀና አለች። "እንዴት እንደሆነ ገብቶኛል፣ ስማቸው። እኔ እንደዚያ አልወድህም። ልዋሽህ አልፈልግም።"

ላቤን በበርበሬ እጄ የጠረግሁት ይህን ጊዜ ነው። ጮህሁ።

"ኧረ በማርያም አታልቅስ!"

"አላለቀስሁም! በርበሬ ነው!"

"ይሁን፣ በርበሬ ነው" አለች፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው።

እናቷ ወተት ይዘው ሮጠው መጡና ዓይኔን አጠቡኝ። እኔም በእኩለ ቀን፣ ለቀማው ገና በግማሽ ሳለ፣ ማሳውን ጥዬ ሄድሁ። ያባረረኝ ዓይኔ አልነበረም፤ እፍረት ነው።

ረቡዕ የመኳንንት ተራ ነበር። በጠዋት ደጃችን ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አሰብሁ። ብቀር ወንፈሉ ይፈርሳል፤ መኳንንት ምክንያቱን ይጠይቃል፤ እሑድ ወደ ቡሬ የምንወጣው ለየብቻችን ይሆናል። ፍቅሬን ነው እንጂ እኔን መች እንቢ አለችኝ? ተነሣሁ። ያበጠ ዓይኔን ይዤ ማሳው ላይ ደረስሁ።

"ማነው የመታህ?" አለ መኳንንት።

"በርበሬ" አለች አዛለች ቀድማኝ። ቅርጫት ወረወረችልኝና "እንካ፣ ልቀም! የትናንቱን ግማሽ ቀን ግን አልማርህም" አለች።

ሦስታችንም ሳቅን። እሑድ ስንቃችንን ተሸክመን አብረን ወደ ቡሬ ወጣን። መኳንንት እስከዛሬ አልጠየቀኝም። የሚያውቅ ይመስለኛል።

ዛሬ ከገበያ ስገባ ዓይኔን በወተት ያጠበችኝ ባለቤቴ ናት። ታሪኩን ስለምታውቅ "ለአዛለች ልደውልላት እንዴ?" እያለች ስትስቅብኝ ዋለች። አያስፈልግም። አዛለች ሽንዲ የልጅ ልጆቿን እያሳደገች፣ በርበሬ በቀላ ቁጥር ራሷ ትደውላለች።

"ስማቸው፣ ግማሽ ቀኔስ?"

"ጉልበቴን አሞኝ።"

"ያኔ ዓይኔን አልህ፤ አሁን ደግሞ ጉልበቴን!"

ጉልበቴ ደህና ነው። ግማሽ ቀን በርበሬ መልቀም አያቅተኝም። ግን ብመልስላት፣ በሚመጣው ኅዳር ምን ብላ ትደውልልኛለች? ስለዚህ ቆርጫለሁ፤ ግማሽ ቀኗ እኔው ዘንድ ትቆይ። ዘንድሮም ጉልበቴን ያመኛል።