የቀፎ ክንፍ ያላት ጀልባ

ማንኪራ አካባቢ ጋሽ ገብረወልድን ሁሉም የሚያውቃቸው በማራቸው ነው። እኔ ግን የማውቃቸው በጀልባቸው ነው። በ1994 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን በመምህርነት ተመድቤ ጎጀብ ወንዝ ዳር ወዳለችው ትምህርት ቤት ስመጣ፣ ሰው የሚያሻግሩት እሳቸው ነበሩ። የደጋ ልጅ ነኝ፤ ወንዙንም ጀልባዋንም ከመጀመሪያው ቀን ጥምድ አድርጌ ያዝኳቸው።

ጀልባዋ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች፣ ረጅምና ጠባብ ነበረች። ሦስት ቀዛፊ ካልያዛት ትገለበጣለች። በዚያ ዓመት አንዱ ቀዛፊ ሞተ፤ ሌላው ሺሺንዳ ከተማ ሄዶ ሱቅ ከፈተ። የቀበሌው ሊቀመንበር ከፈለኝ ኮሚቴ አቋቋመና እኔን ጸሐፊ አደረገኝ። ጋሽ ገብረወልድ ብቻቸውን ተሻግረው ብቻቸውን ከተመለሱ ጀልባዋ ትቀጥላለች፤ ካልሆነ ትታገዳለች ብለን ወሰንን። ከታገደች የማዶ ሰው ድልድዩ ድረስ ግማሽ ቀን በእግሩ ሊሄድ ነው።

ሽማግሌው አልተከራከሩም። ሦስት ሳምንት ጠይቀው ሥራ ጀመሩ። የጀልባዋን ጎን በመጥረቢያ አሳስተው አቀለሏት። ከዚያ ሁለት ረጃጅም ቀፎ ከግንድ ፈልፍለው፣ ጫፍና ጫፉን ደፍነው፣ በአግዳሚ እንጨትና በሐረግ ግራና ቀኟ ላይ አሰሩላት። ሜትር የለ፣ ንድፍ የለ፤ በክንዳቸው ብቻ ይለካሉ።

"ጋሽ ገብረወልድ፣ እውነት ይሄ ይንሳፈፋል?" አልኳቸው።

"ከዛፍ ወድቆ ወንዝ የገባ ቀፎዬን ሁለት ቀን ሙሉ በዳር በዳር ተከትዬ አውቃለሁ፤ አልሰጠመልኝም" አሉኝ።

አንድ ነገር ብቻ ተሳሳቱ። ውሃ እንዳያስገቡ ቀፎዎቹን ከውስጥ ሰም ቀቧቸው፤ እንዲደርቁም መዓዛ ባለው ቅጠል አጠኗቸው። አርባ ዓመት ንብ ሲጠሩ የኖሩበት መንገድ ነው፤ እጃቸው የለመደውን ሠራ። ውሃ ማፍሰሻ ብለው የተዉት ቀዳዳ ደግሞ ጣት ያስገባል። በፈተናው ዕለት ጠዋት ብንሄድ የቀኙ ቀፎ በንብ ተሞልቶ ያጉረመርማል።

"ይተላለፍ" አልኩ።

"ወንዙ እየሞላ ነው። ዛሬ ካልሆነ ክረምቱ እስኪወጣ የለም" አለ ከፈለኝ።

ጋሽ ገብረወልድ ቀዳዳውን በሣር ወትፈው ቀዘፉ። ጀልባዋ ድፍርሱ ውሃ መሃል ስትደርስ ግራ ስታዘነብል የግራው ቀፎ ይደግፋታል፣ ቀኝ ስታዘነብል የቀኙ። ውሃ ጠልቼ የኖርኩ ሰው በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። በዚህ መሃል ሣሩ ርሶ ወለቀ። ንቡ ወጥቶ አንገታቸውንና ክንዳቸውን ሸፈነው። አንድ ጊዜ እንኳ እጃቸውን አላወናጨፉም። ዝግ ብለው፣ አንድ በአንድ፣ መቅዘፍ ቀጠሉ። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።

ማዶ ደርሰው የቀኙን ቀፎ ፈቱና ዛፍ ባላ ላይ ሰቀሉት፤ ንቡ ተከትሎት ገባ። ያኔ ነው እኛም ቃሬዛውን ያየነው። ኸይሪያ የምትባል ሴት ምጥ ይዟት፣ ባሏና ወንድሟ ተሸክመዋት ዳር ቆመዋል። ጤና ጣቢያው ያለው በእኛ በኩል ነው።

"ብቻዎን ነው ያልነው!" ብሎ ጮኸ ከፈለኝ።

ጋሽ ገብረወልድ የሰሙ አልመሰሉም። ሴትዮዋን ከነቃሬዛዋ በቀረው በግራው ቀፎ በኩል፣ በአግዳሚዎቹ ላይ አስተኟት። ክብደቷ ጀልባዋን በዚያ በኩል አስደግፎ ያዛት። ጎርፉ ቁልቁል እየገፋቸው ተመለሱ፤ ከፈለኝ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ውሃ ገብቶ ጎተታቸው። ዳር የነበሩ ሰዎች ቃሬዛውን ተሸክመው ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያው ሮጡ።

ሽማግሌው ፊታቸው አብጦ ዓይናቸው ሊደፈን ምንም አልቀረውም። አጠገቤ መጥተው የያዝኩትን የኮሚቴውን ወረቀት በጣታቸው ነኩት።

"መምህር፣ እሷ ባትከብድልኝ ኖሮ በአንድ ቀፎ እገለበጥ ነበር። እውነቱን ጻፍ፤ ብቻውን አልቻለም በል።"

ብዕሬን ይዤ ከፈለኝን አየሁት። ከፈለኝ ወንዙን አየ።

"ተሻግረው ተመልሰዋል" ብዬ ጻፍኩ። ከፈለኝ ውሃ በሚንጠባጠብ እጁ ፈረመበት።