ውሃ የበዛበት ወተት

ወለላ የመጀመሪያ ልጇን ብሥራትን ስትወልድ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። የሐሙሲት ልጅ ናት፤ ባሏን አለበልን ተከትላ ባሕር ዳር ገብታ ሹም አቦ ሰፈር ውስጥ በተከራዩት አንድ ክፍል ቤት ነው የምትኖረው። አለበል ዘይት መጭመቂያ ፋብሪካ ይሠራል። ልጁ በተወለደ በወሩ ኑግ ጠፋና ሠራተኛው በወር ሁለት ሳምንት ብቻ እንዲገባ ተደረገ። ደመወዙም በግማሽ ወረደ።

አስቤዛው የወለላ ኃላፊነት ነበር። መጀመሪያ ሥጋው ቀረ፣ ቀጥሎ እንቁላሉ። ሽንኩርት በኪሎ መግዛት ትታ በመደብ ጀመረች። ያም አልበቃ ሲል ማንም ሳያውቅ የራሷን ምሳ ተወች። ጎረቤቷ እማማ ፀሐይወርቅ አንድ ቀን፣ «ምነው ልጄ፣ ከሳሽ?» ቢሏት፣ «ጾም ይዤ ነው» አለቻቸው።

«አራስ ደግሞ ምን ጾም አለባት!» ብለው ተቆጧት። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ ገባች።

ብዙም ሳይቆይ ጡቷ ደረቅ እያለ መጣ። ብሥራት እየጠባ ያለቅሳል። የዱቄት ወተት በቆርቆሮ ገዛች፤ ዋጋው የሳምንት አስቤዛ ይሆናል። ቆርቆሮው እንዲቆይላት ብላ ሁለት ማንኪያ የሚባለውን አንድ እያደረገች በጠበጠችው።

ሕፃኑ ሦስት ወር ተኩል ሲሞላው ለክትባት ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ነርሷ ሲስተር አደይ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አየች። ካርዱ ላይ ካለው ያለፈው ጊዜ ኪሎ ያነሰ ነበር።

«ምንድን ነው የምትሰጪው?»

«ጡትም የቆርቆሮ ወተትም።»

«ወተቱን ስንት ማንኪያ ታደርጊበታለሽ?»

ከኋላዋ፣ ከተከፈተው በር ውጭ፣ ሌሎች እናቶች ተቀምጠዋል፤ ወለላ መዋሸት ትችል ነበር። ግን የልጇ ክንድ በጣቶቿ መሃል ነበር፣ ቅጥነቱም ይታወቃታል።

«አንድ። እንዲቆይልኝ ብዬ ውሃ አበዛሁበት፣ ሲስተር።»

ሲስተር አደይ አልጮኸችባትም። ተነሥታ በሩን ዘጋችና ወደ እሷ ተጠግታ ተቀመጠች። «አንቺስ ትናንት ምን በላሽ?»

«ጠዋት ሻይ ጠጣሁ።»

«ምሳ?»

«አልበላሁም። ማታ ከባሌ የተረፈውን ቀመስሁ።»

«ልጁን የራበው አንቺን ስለራበሽ ነው» አለች ሲስተር አደይ። «ምግብ ብዪ፣ ውሃ ጠጪ፣ ቶሎ ቶሎ አጥቢው። ጡትሽ እስኪመለስ ድረስ ግን ወተቱን በልኩ በጥብጪ። በየሳምንቱ አምጪልኝ፤ ካልጨመረ ሆስፒታል እልከዋለሁ።»

ለአለበል መንገሩ ለነርሷ ከመንገር የባሰ ሆነባት። «ልጄን በውሃ ደለልሁት» ብላ አለቀሰች። አለበል፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» ብሎ ጮኸና ወጥቶ ደጅ ቆመ። ሲመለስ ድምፁ ወርዷል።

«እኔም ፋብሪካ ምሳ በላሁ የምልሽ ውሸቴን ነው» አላት።

በማግስቱ ወደ ሐይቁ ወደብ ወረደ። ከዘጌ በጀልባ የሚመጣ ጭነት የሚያወርድ ሰው እንደሚፈለግ ያውቅ ነበር፤ የሥራ ባልደረቦቼ ያዩኛል ብሎ እያፈረ ነበር የቀረው። ፋብሪካ በማይገባባቸው ሳምንታት መሸከም ጀመረ። ሲመለስ ትንንሽ አሳ በርካሽ ይዞ ይገባል። ወለላ ትቀቅለዋለች፣ እሱ ደግሞ እሷ እስክትጀምር እጁን ወደ ሳህኑ አይሰድም።

በመጀመሪያው ሳምንት ብሥራት ጥቂት ጨመረ። በሁለተኛው ምንም፤ ሲስተር አደይ ሆስፒታል ከመላኳ በፊት አንድ ሳምንት ብቻ ጨመረችላት። ያን ቀን ወለላ ሕፃኑን ታቅፋ ጤና ጣቢያው ደጅ ተቀምጣ አጠባችው። በሦስተኛው ሳምንት ግን የሚዛኑ መርፌ ከፍ አለ፣ ከዚያ በኋላም አልወረደም። ሁለት ወር ሳይሞላ ቆርቆሮውን ተዉት።

ብሥራት አሁን ዘጠኝ ወር ሆኖታል፤ እየተደገፈ ይቆማል። ፋብሪካው እስካሁን ወደ ሙሉ ሥራው አልተመለሰም። ወለላ ስለዚያ ጊዜ ብዙ አታወራም። አንድ ጊዜ ብቻ ለእማማ ፀሐይወርቅ እንዲህ አለቻቸው፦

«ያን ውሃ ያበዛሁበት ሰሞን ማልቀሱን ትቶ ዝም ብሎ ይተኛልኝ ነበር። እኔ ደግሞ ጠገበልኝ ብዬ እግዜርን አመሰገንሁ።»

እማማ ፀሐይወርቅ ሕፃኑን ከእጇ ተቀበሏት።