በቀኜ የተውኩት ቦታ

ታላቅ ወንድሜ ከታመመ ወዲህ መስጊድ የሚቆመው ከኋለኛው ሶፍ፣ ከመጨረሻው የሰጋጆች ረድፍ ነበር። ጫማ ከሚወለቅበት በር አጠገብ። ሆዱ ላይ ከረጢት ነበረው።

አዲስ አበባ ሦስት ሐኪሞች ተጋግዘው ነው ያከሙት። አንዱ በአልትራሳውንድ እያየ የቋጠረውን መግል በመርፌ ቀዳ። አንዷ ካሜራ ያለው ቱቦ አስገብታ የጠበበውን አንጀት ልታሰፋ ሞከረች። እምቢ አለ። ሦስተኛው ቀዶ የተበላሸውን ቆርጦ ጣለ፤ የጤነኛውን ጫፍ በሆዱ ቆዳ በኩል ወደ ውጭ አወጣው። ሲያገግም ተመልሶ ይገጠማል፣ ከረጢቱም ይቀራል ተባልን።

ቱቦው ሲገባ አጠገቡ ነበርኩ። ስክሪኑ ላይ ቀይ፣ እርጥብ ዋሻ አየሁ። መብራቱ ወደፊት ሲሄድ ግድግዳው ይተነፍስ ነበር። ወንድሜ በመድኃኒቱ ደንዝዟል፤ ግን እጄን ያዘ።

«ውስጥ ማን አለ?» አለኝ።

«ማንም የለም።»

«ደህና አርገህ እይ።»

አየሁ። ለምን እንዳየሁ እንጃ።

ከሚሴ ከተመለስን በኋላ ያ በሆዱ የወጣው የአንጀት ጫፍ ባሻው ሰዓት ድምፅ ያወጣ ጀመር። የሚያጉረመርም ሽማግሌ ይመስላል። ቤት ውስጥ ወንድሜ ይቀልድበታል። «ዝም በል፣ እንግዳ አለ» ይለዋል። መስጊድ ግን ያፍራል። ሼሁ አንድ ቀን ወደ ፊት ጠሩት።

«አብሽር ልጄ፣ በሽታ ነው። አላህ ይቀበልሃል።»

«እሱስ ይቀበለኝ፣ ሼሁ። ሰዉ ነው የሚስቅብኝ።»

ስንወጣ ለኔ፣ «ሲገጥሙኝ ከሼሁ ኋላ ነው የምቆመው። ቦታ ትይዝልኛለህ» አለኝ።

«ዱጋ?»

«ዱጋ! እውነቴን ነው።»

የሚገጠምበት ቀን ተቆረጠ። ከዚያ በፊት ትኩሳት ያዘው። ወደ ደሴ ይዘነው ወጣን። ኮምቦልቻ ሳንደርስ፣ መኪናው ውስጥ፣ ሆዱ ዝም አለ። መሞቱን ያወቅሁት በዚያ ነው።

ጀናዛው ሲሰገድ ቃሬዛውን ከሼሁ ፊት አኖሩት። ከሁሉም ፊት። እኔ ከሼሁ ኋላ ቆምኩ። በቀኜ አንድ ሰው የሚያቆም ቦታ ተውኩ።

«ጠጋ በል እንጂ፣ ሶፉን ዝጋ» አለኝ ከዚያ ማዶ ያለው ሰው።

አልተጠጋሁም። ሼሁ ዞር ብለው አዩኝ። «አላሁ አክበር» አሉ።

ሁሉም ጸጥ አለ። ያኔ ያ ማጉረምረም ተሰማኝ። ከቃሬዛው አልነበረም። ከቀኜ ነበር፣ ከባዶው ቦታ።

ሶላት ላይ ነበርኩ። አልዞርኩም።